ከመጽሐፍ ቅዱስ ምንባብ ለዛሬ ኑሮ ትምህርት ማውጣት፦ በመበለቲቱ ማሰሮ የተሠራ መመሪያ

መጽሐፍ ቅዱስን አንብቦ «ይህ ለእኔ ምን ይለኛል?» ብሎ መጠየቅ የአማኝ ሁሉ ልማድ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እስራኤላውያን በምድረ በዳ የደረሰባቸውን ካነሣ በኋላ፣ ያ ሁሉ ለእኛ ምሳሌ እንዲሆንና እንዲገሥጸን መጻፉን በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥11 ይናገራል። ችግር የሚመጣው ጥያቄው ተራውን ሳይጠብቅ ሲነሣ ነው። ምንባቡ በመጀመሪያ ለሰሙት ሰዎች ምን እንዳለ ሳናውቅ ለእኛ የሚለውን ስንፈልግ፣ ብዙ ጊዜ የምናገኘው አስቀድሞ በልባችን የነበረውን አሳብ ነው፤ ጥቅሱም ለዚያ አሳብ ማስጌጫ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ እዚህ የምንከተለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ እነርሱ፣ ቀጥሎ እኛ፣ በመጨረሻም እኔ የሚል ነው። አሠራሩን በደፈናው ከመናገር ይልቅ አንድ አጭር ታሪክ ይዘን ከመነሻው እስከ መድረሻው ብንሠራበት ይሻላል። የመረጥሁት በ2ኛ ነገሥት 4፥1-7 ያለውን፣ ልጆቿን በዕዳ ልትነጠቅ የነበረችውን መበለትና የዘይት ማሰሮዋን ታሪክ ነው። ሰባት ቁጥር ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይሰበካል፤ በእኔ ግምት ግን ከሚሰበክለት የሚታለፈው ይበልጣል። ለሥራው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከተቻለ ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች፣ አንድ ደብተርና አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ያስፈልጋሉ። በጸሎት ይጀምሩ፤ ከዚያ ደብተሩን ይክፈቱ።

ምንባቡን ከነወሰኑ መያዝ

የመጀመሪያው ሥራ ምንባቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ መወሰን ነው። የምዕራፍና የቁጥር ምልክቶች ለፍለጋ የሚመቹ ናቸው እንጂ ትርጉም የሚወስኑ አይደሉም። ዛሬ የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ደግሞ ሮበርት ኤስትየን የተባለው አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው የግሪክኛ አዲስ ኪዳን ላይ የወጣ ነው። ስለዚህ ምዕራፍ በተቀየረ ቁጥር አሳቡም ተቀይሯል ማለት አይቻልም። ለምሳሌ ጳውሎስ ክርስቶስን እንደሚመስል እርሱን እንዲመስሉ የሚናገርበት 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥1 የምዕራፍ 10 መደምደሚያ ነው፤ እዚያ የራሱን ጥቅም ትቶ የብዙዎችን ጥቅም እንደሚፈልግ ተናግሮ ነበርና፣ «ምሰሉኝ» ያለው በዚሁ ጉዳይ ነው። (ስለ ቁጥር ካነሣን አይቀር፣ የመዝሙረ ዳዊት ቁጥር በየእትሙ በአንድ ይለያያል፤ አንዱ 22 ያለውን ሌላው 23 ይለዋል። ከሌላ ሰው ጋር ሲያጠኑ የመዝሙሩን መነሻ ቃል ጨምረው ቢናገሩ ከመደናገር ይድናሉ።)

በእኛ ታሪክ ወሰኑ ግልጽ ነው። በቁጥር 1 መበለቲቱ ትመጣለች፤ በቁጥር 7 ነቢዩ ኤልሳዕ የመጨረሻ ትእዛዙን ይሰጣታል፤ በቁጥር 8 ኤልሳዕ ወደ ሱነም ይሄዳል። ወሰኑን ካወቁ በኋላ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሳያነቡ አይለፉ። ከፊቱ በምዕራፍ 3 ሦስት ነገሥታት ሠራዊት ይዘው በሞዓብ ላይ ሲዘምቱ ውኃ አጥተው ወደ ኤልሳዕ ይወርዳሉ። ከኋላው ባለጠጋዋ ሱነማዊት አለች። በሠራዊትና በሀብት መካከል የቆመች ስሟ ያልተጠቀሰ ባለ ዕዳ ሴት ናት፤ የመጽሐፉ ጸሐፊ ለእርሷ ሰባት ቁጥር መስጠቱ በራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

ሳይተረጉሙ መመልከት

አሁን ምንባቡን ሦስት ጊዜ ያንብቡት፤ አንዱን ጊዜ ድምፅ አውጥተው። ከዚያ በደብተሩ ላይ ሰዎቹንና ያደረጉትን ብቻ ይጻፉ። «ይህ የሚያመለክተው» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር በዚህ ደረጃ አይፈቀድም። ለጀማሪ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ላነበበ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ የሰማነው ስብከት ሁሉ እጃችንን ቀድሞ ይጽፋልና።

ከመበለቲቱ ታሪክ የሚወጣው ዝርዝር ይህን ይመስላል። ባሏ ሞቷል፤ ከነቢያት ማኅበር አንዱ ነበር፤ እግዚአብሔርንም ይፈራ ነበር። አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስዳቸው መጥቷል። እርሷ ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። እርሱም ምን እንዲያደርግላት እንደምትፈልግና በቤቷ ምን እንዳለ ጠየቃት። ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ፣ ቁጥሩንም እንዳታሳንስ አዘዛት፤ ከልጆቿ ጋር ገብታ በሩን እንድትዘጋም ነገራት። ልጆቹ ያቀርባሉ፤ እናት ትገለብጣለች። ማድጋው ሲያልቅ ዘይቱ ቆመ። ሄዳ ለነቢዩ ነገረችው፤ እርሱም ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር አዘዛት።

ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ «ያልጠበቅሁት ምን አለ? የጠበቅሁትስ የት ቀረ?» ብለው ይጠይቁት። እኔ ስጠይቀው መጀመሪያ የታየኝ የተዘጋው በር ነው። ኤልሳዕ እንኳ በቤት ውስጥ አልነበረም፤ ዘይቱ ሲቀዳ ያዩት አንዲት እናትና ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። ነቢዩ ከዘይቱ ድርሻ እንደ ጠየቀም አልተጻፈም፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ የሶርያውን የሠራዊት አለቃ የንዕማንን ስጦታ አልቀበልም ይላል፣ ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ይቀበላል። የዕዳው መጠን አልተነገረም። አበዳሪው አንድም ቃል አልተናገረም፤ ነገሩን ሁሉ ያንቀሳቀሰው ግን እርሱ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ምልክት አድርገው ያቆዩት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ማን ለማን እንደ ተናገረ መለየት

የመበለቲቱ ታሪክ በዚህ ረገድ አያስቸግርም። ሌላ ምንባብ ሲይዙ ግን ይህን ደረጃ ከዘለሉ ክፉኛ ሊሳሳቱ ይችላሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚናገር ሰው ሁሉ ትክክል ተናግሯል ማለት አይደለምና። አዲስ ሥራ ለጀመረ ሰው በካርድ ላይ የምንጽፈው፣ ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል የሚለው ቃል በኢዮብ 8፥7 የሚገኝ ሲሆን፣ የተናገረው ከኢዮብ ሦስት ወዳጆች አንዱ የሆነው በልዳዶስ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ በ42፥7 እግዚአብሔር እነዚህን ወዳጆች ስለ እርሱ ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ይወቅሳቸዋል። እኔም ይህን ጥቅስ ከአንድ ጊዜ በላይ ለወዳጆቼ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ ከላዩ ያለውን ቁጥር 4 አስተውዬ ያነበብሁት ግን ዘግይቼ ነው። በዚያ ቁጥር በልዳዶስ አሥር ልጆቹን ለቀበረ አባት የልጆቹን ሞት የኃጢአታቸው ቅጣት አድርጎ ያቀርብለታል። ፍጻሜህ ይበዛል ያለውም ኢዮብ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ነው በሚል ክስ ውስጥ ነው። የኢዮብ ፍጻሜ በእርግጥ በዝቷል፤ የበዛው ግን በልዳዶስ ባሰበው መንገድ አይደለም።

አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው። ቋንቋችን «አንተ»ን ከ«እናንተ» በግሱ ላይ ስለሚለይ፣ ለአንድ ሰው የተነገረው ለብዙዎች ከተነገረው ጋር አይምታታብንም፤ ብቻ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በሉቃስ 22፥31-32 ጌታ ስምዖንን ጠርቶ ሰይጣን እንደ ስንዴ «ሊያበጥራችሁ» እንደ ለመነ ይነግረውና ወዲያው እምነትህ እንዳይጠፋ «ስለ አንተ» ጸለይሁ ይለዋል። ፈተናው የሁሉም ነው፤ ጸሎቱ በዚህ ቃል ለአንዱ የተለየ ነው፤ ያም አንዱ ከተመለሰ በኋላ ወንድሞቹን እንዲያጸና ታዟል። ይህን ልዩነት ያላየ አንባቢ ከምንባቡ «በፈተና ጌታ ይጸልይልኛል» የሚል መጽናኛ ያወጣል፤ መጽናኛው መልካም ነው፣ ነገር ግን ከወደቁበት መነሣት ለሌሎች ሲባል እንደ ሆነ የሚናገረው ግማሽ ያመልጠዋል። በኤርምያስ 29፥11 ላይ ያለውም የሰላም አሳብ የተነገረው «ለእናንተ» ተብሎ፣ ከአንድ ቁጥር በፊት 70 ዓመት በባቢሎን እንደሚቆዩ ለተነገራቸው ምርኮኞች ነው።

የዘመኑን ሕግና ኑሮ መጠየቅ

አሁን ወደ መበለቲቱ እንመለስ። ዕዳ እንዴት ልጅ ያስወስዳል? ለዚህ ብዙ መጻሕፍት ማገላበጥ አያስፈልግም፤ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ አብዛኛውን ይመልሳል። ዘጸአት 22፥25 ለድሀ ያበደረ ሰው ወለድ እንዳይጭንበት ያዝዛል። ዘዳግም 15 በሰባት ሰባት ዓመት ዕዳ እንዲተው፣ ራሱን የሸጠ ዕብራዊም በሰባተኛው ዓመት ነፃ እንዲወጣ፣ ሲወጣም ባዶ እጁን እንዳይሰደድ ያዝዛል። ዘሌዋውያን 25፥39 ደግሞ ደህይቶ ራሱን የሸጠ ወንድም እንደ ባሪያ እንዳይገዛ ይናገራል። ከእነዚህ ሁሉ የምንረዳው ሕጉ በዕዳ ምክንያት ለአገልግሎት መግባትን ጨርሶ እንዳልከለከለ፣ ነገር ግን ጠበቅ ያለ ገደብ እንዳበጀለት ነው። ስለዚህ ያ አበዳሪ ምናልባት ሕግ ጥሷል ተብሎ በዳኛ ፊት የማይከሰስ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ታሪኩን ያቀለዋል ብለው አያስቡ፤ ያከብደዋል እንጂ።

ዘጸአት 22፥22-23ን ያንብቡ። እግዚአብሔር መበለትንና ድሀ አደግን እንዳያስጨንቁ ካዘዘ በኋላ፣ ተጨንቀው ወደ እርሱ «ቢጮኹ» ጩኸታቸውን እንደሚሰማ ይናገራል። በ2ኛ ነገሥት 4፥1 መበለቲቱ «ጮኸች» የሚለው ቃል በዕብራይስጡም ያው ግስ ነው። ሴቲቱ ኤልሳዕ ዘንድ የሄደችው ችግሯን ለማውራት ብቻ አይደለም፤ በሕጉ የተሰጠ ቃል ኪዳን አለና በዚያ ላይ ቆማ አቤት ማለቷ ነው። ደግሞም መጽሐፈ ነገሥትን የሚያነብ ሰው መጨረሻው በባቢሎን ምርኮ እንደሆነ ያውቃል፤ ልጆቻቸው የተነጠቁባቸው የይሁዳ ሰዎች ይህን ታሪክ በምን ዓይነት ጆሮ እንደ ሰሙት መገመት አያዳግትም።

ትምህርቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ

ይህን ሁሉ ከሰበሰቡ በኋላ ምንባቡ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሰው የሚናገረውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ «እኔ» የሚል ቃል አይግባ። የእኔ ይህን ይመስላል፦ «እግዚአብሔር በዕዳ ልጆቿን ልትነጠቅ የነበረችን መበለት ጩኸት ሰምቶ፣ በቤቷ በነበረው ጥቂት ዘይትና ከጎረቤት በተዋሰችው ማድጋ ቤተ ሰቡን አዳነ፤ ዕዳውም ተከፈለ።»

ዐረፍተ ነገሩ ትክክል መሆኑን የሚፈትሹበት አንድ ቀላል መንገድ አለ። መበለቲቱ በፊትዎ እንደ ቆመች አድርገው ያንብቡላት። «አዎ፣ የሆነው ይህ ነው» ትላለች? «ማድጋህን ባበዛህ መጠን በረከትህ ይበዛል» የሚለውን የተለመደ ትምህርት ብናነብላት ምን ትል ነበር? እውነት ነው፣ ኤልሳዕ እንዳታሳንስ አዟታል፣ ዘይቱም ማድጋው ሲያልቅ ቆሟል፤ ትምህርቱ ከምንባቡ ውጭ የመጣ አይደለም። ነገር ግን እርሷ ስለ ልጆቿ ስትነግረን እኛ ስለ ማድጋ ቁጥር ብቻ ሰምተን ከሄድን፣ ያልሰማናት መሆኑን ፊቷ ላይ እናነብ ነበር።

በሌላው መጽሐፍ ማመዛዘን

የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ለሁሉ ዘመን የሚሆን ነው ወይስ አንድ ጊዜ የሆነ? ይህን የሚመልሰው ሌላው መጽሐፍ ነው። በሉቃስ 4፥25-26 ጌታችን በኤልያስ ዘመን በእስራኤል ብዙ መበለቶች እንደ ነበሩ፣ ኤልያስ ግን በሰራፕታ ከነበረችው በቀር ወደ አንዲቱም እንዳልተላከ ይናገራል። እንግዲህ የዘይቱ ተአምር ለእያንዳንዱ ባለ ዕዳ የተገባ ተስፋ አይደለም። ይህን ለተቸገረ ሰው እንደ ተስፋ አድርጎ መስበክ፣ ተአምሩ በቀረ ጊዜ በዕዳው ላይ የእምነት ማነስን ኀፍረት መጨመር ነው።

በአንጻሩ መበለትን አታስጨንቁ የሚለው ትእዛዝ ለሁሉ መበለት የተሰጠ ነው። ነህምያ 5 ላይ ሕዝቡ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸውን ለባርነት እንደሚሰጡ ሲጮኹ ተአምር አልተደረገም፤ ነህምያ ተቆጥቶ ታላላቆቹን ወቀሰ፣ ወለዱም ቀረ፣ እርሻቸውና ወይናቸው ተመለሰላቸው። በሐዋርያት ሥራ 6 በዕለታዊው ማዕድ መበለቶች ችላ በተባሉ ጊዜም መልሱ በመንፈስ የተሞሉ ሰባት ሰዎችን መሾም ነበር። ያዕቆብ 1፥27 ደግሞ ወላጅ የሌላቸውንና ባልቴቶችን በመከራቸው መጠየቅን ንጹሕ አምልኮ ይለዋል። እነዚህን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የታየኝ ነገር፣ እግዚአብሔር በመበለቲቱ ቤት አንድ ጊዜ በተአምር ያደረገውን ከሕዝቡ ዘወትር በሥራ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ዘላቂው ትምህርት በዚህ በኩል ይገኛል።

ዘይቱን መንፈስ ቅዱስ፣ ማድጋውን የምእመናን ልብ አድርጎ የሚያብራራ ምሳሌያዊ ትርጓሜም አለ። እንዲህ ያለው አተረጓጎም በቤተ ክርስቲያን ረጅም ታሪክ ስላለው አልንቀውም። ነገር ግን ምሳሌው ዕዳውን ከታሪኩ ካጠፋው፣ በቁጥር 7 «ሂጂና ሽጠሽ ክፈዪ» የሚለው ቃል ሥራ ፈት ይሆናል፤ ማንም መንፈስ ቅዱስን ሸጦ ዕዳ አይከፍልምና።

በታሪኩ ውስጥ ራስን ማግኘት

ዳዊት ናታን የነገረውን የድሀውን ሰው በግ ታሪክ ሰምቶ በባለጠጋው ላይ ፈረደ፤ ያ ሰው አንተ ነህ እስኪባል ድረስ ራሱን በዳኛው ወንበር ላይ አስቀምጦ ነበር (2ኛ ሳሙኤል 12)። እኛም ስናነብ ሁልጊዜ የምንመርጠው የተበደለውን ወይም ያሸነፈውን ሰው ቦታ ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል የጻፉትን የሰዎች ዝርዝር ያውጡና በእያንዳንዱ ስም ትይዩ «እኔ ይህን ሰው የምሆነው መቼ ነው?» ብለው ይጻፉ፤ ቢያንስ አንድ መልስ የማያስደስት እስኪሆን ድረስ አያቁሙ።

ይህን ታሪክ ለዓመታት እንደ መበለቲቱ ሆኜ አንብቤዋለሁ። አንድ ጊዜ ግን ዝርዝሩን በደብተር ላይ ጽፌ አበዳሪው ላይ ስደርስ፣ ከእኔ ገንዘብ ተበድሮ የዘገየብኝ ሰው ትዝ አለኝ። ያን ሰሞን ባገኘሁት ቁጥር በሰው ፊት ስለ ገንዘቡ አነሣበት ነበር። ገንዘቡ የእኔ ነው፤ መጠየቄም ሕጋዊ ነው። የታሪኩም አበዳሪ እንዲሁ ሕጋዊ ሊሆን እንደሚችል ከላይ አይተናል። በዝርዝሩ ትይዩ የጻፍሁት መልስ ለማንም የማነበው አልነበረም፤ ከምንባቡ ጋር በእውነት የተገናኘሁት ግን በዚያን ቀን ይመስለኛል።

ጎረቤቶቹንም አይዝለሉ። ባዶ ማድጋ ማዋስ ብዙ የሚያስከፍል ነገር አይደለም፤ ግን ያለ እነርሱ ዘይቱ የሚገለበጥበት ዕቃ አልነበረም። ለተቸገረ ሰው ሙሉ መፍትሔ ስለሌለን ብቻ ባዶ ማድጋችንን ሳንሰጥ የምንቀርበት ጊዜ ስንት ነው? ነቢዩም ቢሆን ከመርዳቱ በፊት ምን እንደምትፈልግና ምን እንዳላት ጠይቋል፤ እርዳታ ለሚያከፋፍል የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ይህ አንዱ ብቻ የአንድ ስብሰባ መወያያ ይሆናል።

በዘመናችንና በዘመናቸው መካከል ያለውን ልዩነት መመዝገብ

እኛ የምንኖረው በኤልሳዕ ዘመን በነበረው የእስራኤል መንግሥት ሕግ አይደለም፤ ዕዳችን ከባንክ፣ ከዘመድ ወይም ከሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፤ በዕዳ ልጅ መውሰድም በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ተመሳሳዩን የምንፈልገው በውጭ መልኩ ሳይሆን በውስጡ ነው፦ ብርቱ የሆነ ሰው በመብቱ ሲጠቀም ደካማው የማይተካ ነገር የሚያጣው የት ላይ ነው? ይህ ጥያቄ ዛሬም ብዙ መልስ አለው።

ወደ አንድ ሥራ ማውረድ

ትምህርት ሥራ የሚሆነው ስምና ቀን ሲኖረው ነው። «ለድሆች እራራለሁ» የሚለውን ይሰርዙና ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለውን ይጻፉ። እኔ በዚያን ጊዜ የጻፍሁት፣ ለዚያ ሰው እስከ እሑድ ድረስ ብቻውን ደውዬ ምን ያህል በየስንት ጊዜ መክፈል እንደሚችል እርሱ ራሱ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ፣ በሰው ፊትም ዳግመኛ አላነሣውም የሚል ነበር። ዕዳውን ሙሉ በሙሉ መተው አልቻልሁም፤ እንደ ቻልሁ አድርጌም አልጻፍሁም። ሥራው ትንሽ ቢሆንም የሚፈጸም ይሁን። ባለ ዕዳው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ቁጥር 7 በግልጽ ይናገራል፤ የተገኘው ገንዘብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አበዳሪው ነው፣ ኑሮው በተረፈው ነው።

ምንባቡ ታሪክ ካልሆነ

አሠራሩ ያው ሆኖ አንዳንድ ደረጃ ይለወጣል። ሕግ ሲያነቡ የሕጉን ምክንያት ይፈልጉ። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ራሱ ይናገራል፦ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ። የዚያ ዘመን ጣራ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይወጣበት፣ ይቀመጥበት ነበር። ሰው የማይወጣበት የቆርቆሮ ጣራ ላለው ሰው ትእዛዙ በቃሉ አይሠራም፤ በምክንያቱ ግን ፍሬኑ ያልተፈተሸ መኪና የሚያሽከረክረውን፣ የጉድጓዱን አፍ ሳይከድን የሚሄደውን፣ የሕንፃ መወጣጫውን ያለ መደገፊያ የሚተወውን ሁሉ ይመለከታል። ጥንቃቄ የፍቅር ሕግ ክፍል መሆኑን ከዚህ አንድ ቁጥር የበለጠ ያስረዳኝ የለም።

ምሳሌን ሲያነቡ ተስፋና ምክርን አያምታቱ። ምሳሌ 26፥4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፤ ቁጥር 5 መልስለት ይላል። ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት ጊዜውን የመለየት ጥበብ ከአንባቢው ስለሚጠበቅ ነው። አንድ የተጻፈ ድርጊት ሁሉ እንድንከተለው የተጻፈ አለመሆኑንም ያስታውሱ፤ ጌዴዎን በመሳፍንት 6 የበግ ጠጉር ባዝት ዘርግቶ ምልክት የጠየቀው እግዚአብሔር አስቀድሞ በግልጽ ካዘዘው በኋላ ነው፣ እርሱም ራሱ በሁለተኛው ጊዜ አትቆጣኝ ብሎ ይለምናል።

ለሌላ ሰው ማሳየትና መመለስ

ያወጡትን ትምህርት ቢያንስ ለአንድ ሰው ያንብቡለት፤ ቢቻል ኑሮው ከእርስዎ ለተለየ። ገንዘብ አበድሮ የማያውቅ ሰው የመበለቲቱን ታሪክ በሌላ ዓይን ያያል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ እኛ ያላየነውን ታያለች። የቤተ ክርስቲያንዎን መምህር መጠየቅም አያሳፍርም፤ በሐዋርያት ሥራ 8 ጃንደረባው የሚያስረዳኝ ሳይኖር እንዴት ላስተውል እችላለሁ ያለው ኢሳይያስን በእጁ ይዞ ነው። ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ከፍተው የጻፉት ሥራ መፈጸም አለመፈጸሙን፣ ካልተፈጸመም ለምን እንደ ቀረ በዚያው ገጽ ላይ ቀን ጽፈው ይመዝግቡ። ከዚያ ምንባቡን አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡት፤ ከሥራ በኋላ የሚነበብ ምንባብ ከመጀመሪያው ቀን ጋር አንድ ዓይነት አይሆንም።

ለሁለተኛው ልምምድ የፊልሞናን መልእክት እመርጣለሁ። አንድ ምዕራፍ፣ 25 ቁጥር ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ተነብቦ ያልቃል። ዝርዝሩ ላይ ፊልሞናን፣ አናሲሞስን፣ ጳውሎስንና በቁጥር 2 ላይ በቤት የተሰበሰበችውን ቤተ ክርስቲያን ይጻፉ፤ ደብዳቤው በእነርሱ ፊት ሲነበብ ፊልሞና ምን እንደ ተሰማው ይጠይቁ። ቁጥር 18 ላይ ሲደርሱም ቆም ይበሉ፤ እዚያም ዕዳ አለ፣ በእኔ ላይ ቁጠረው የሚልም ሰው አለ።